ጉልቻ ቢለዋወጥ…

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ማድ ቤት ሲወራ አይደለም፤ ሹም ወርዶ ሹም ሲተካ፣ መሥሪያ ቤት ስሙን ቀይሮ አሠራሩን ሳይቀይር ሲቀር ነው። እኛ ግን ዛሬ ተረቱን ወደ ተወለደበት ምድጃ ዳር መልሰን አንድ ጥያቄ ልንጠይቀው ነው። ለመሆኑ ጉልቻ ቢለዋወጥ የሚለወጥ ነገር የለም? ስለ ወጡ ጣዕም ከአባቶች ጋር አንከራከርም። ስለ እንጨቱ፣ ስለ ጢሱና ስለ ተሸካሚዋ ወገብ ግን የምንለው አለን።

በተማርነው ታሪክ ከተማ የሚቆረቆረው ንጉሥ ሲፈልግ፣ የሚፈርሰውም ጠላት ሲመጣ ነው። ከተማ ግን የሚኖረው በልቶ ነው፤ ለመብላት ደግሞ እሳት ያስፈልገዋል። ያ እሳት ከየት መጣ? ማን ተሸከመው? ስንት እጁ ምጣዱን አጋለ፣ ስንት እጁስ ጢስ ሆኖ በጣራው ወጣ? እነዚህ የታሪክ ጥያቄዎች አይደሉም ያለን ማነው? ማድ ቤት የሴት ቦታ ነው ተብሎ ስለተተወ ብዕር ሳይገባበት ቀረ እንጂ፣ የአዲስ አበባን ታሪክ ከምድጃው ተነሥቶ መጻፍ ይቻላል። እስቲ እንሞክረው።

ከአዲስ አበባ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ የነገሥታት መቀመጫዎች ዛሬ ከተማ የምንለው ዓይነት አልነበሩም። ንጉሡ ከነሠራዊቱ ለጥቂት ዓመታት የሚሰፍርባቸው ሰፈሮች ነበሩ። ወታደሩ፣ ሎሌው፣ ገረዱ፣ ካህኑ፣ ነጋዴው በብዙ ሺህ ሆኖ በአንድ ኮረብታ ዙሪያ ሲሰፍር በቅርብ ያለው ዛፍ ቶሎ ያልቃል። እንጨት ለቀማው መጀመሪያ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ቀጥሎ ሙሉ ቀን። በመጨረሻ ሰፈሩ ራሱ ይነሣል። ለመነሣቱ ጦርነትም፣ በሽታም፣ የቀለብ ችግርም ምክንያት ይሆኑ ነበር፤ ሆኖም እነ ሪቻርድ ፓንክኸርስት እንደጻፉት የማገዶ እጥረት ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነው። ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር አለ። እንጨት ሲያልቅ የተሰጠው የመጀመሪያው መልስ «እንሂድ» የሚል ነበር። አነድዶ መሄድ፣ ሄዶ ማንደድ።

ዳግማዊ ምኒልክም ከአንኮበር ተነሥተው በሌሎች ሰፈሮች አልፈው እንጦጦ ላይ ከተሙ። እንጦጦ ለጦር የሚመች፣ ለኑሮ ግን የሚያስቸግር ብርዳም ተራራ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከተራራው በታች ፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም ተከትለው ወረዱ። በየኮረብታው የየራስና የየደጃዝማቹ ግቢ ተተከለ፤ በየግቢው ዙሪያ ደግሞ የሎሌው ጎጆ። በዚያ ዘመን በቤተ መንግሥቱ ግብር ሲበላ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይታደም ነበር። ቁርጡ እሳት አይፈልግም እንበል፤ እንጀራው፣ ወጡ፣ ለጠላው የሚቆላው አሻሮ፣ የሚጋገረው ቂጣስ? ይህ ሁሉ በእንጨት ነው። እንጨቱን የሚያቀርበው ደግሞ ገባሩ ነበር፤ ከእህሉና ከማሩ ሌላ ማገዶ ማምጣትም ግዴታው ነው። እንግዲህ የድግሱን ትልቅነት ስናደንቅ በበሩ የገባውንም ሸክም መቁጠር ይገባናል።

ውጤቱ ብዙ አልቆየም። የአካባቢው ጽድና ወይራ ተመነጠረ። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በዐሥራ አምስት ዓመት ውስጥ እንጨት ከሩቅ የሚመጣ ነገር ሆነ። ያኔ የድሮው መልስ እንደገና ተሞከረ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ምኒልክ ወደ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ደን በቀረበት አገር፣ አዲስ ዓለም የተባለ ሌላ ከተማ ማሠራት ጀመሩ። ቤተ መንግሥት ተሠራ፤ ከአዲስ አበባ የሚያደርስ መንገድም ተጠረገ። ግን ነገሩ እንደ ድሮው አልሆነም። መኳንንቱ በአዲስ አበባ ብዙ ገንዘብ አፍስሰዋል፤ የውጭ አገር መንግሥታት መልእክተኞችም በድንጋይ ያሠሩትን ቤት ጥለው ሊሄዱ አልፈቀዱም። የድንጋይ ቤት እንደ ድንኳን ተጠቅልሎ አይጫንም። አዲስ ዓለም ዋና ከተማ ሳትሆን ቀረች፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

እዚህ ላይ ባሕር ዛፍ ገባ። አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ ከባሕር ማዶ ስለመጣ ሕዝቡ በመጣበት ጠራው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ መግባቱ ይታመናል፤ ብዙዎችም ያስመጣው ሞንዶን ቪዳዬ የሚባል ፈረንሳዊ የምኒልክ አማካሪ ነው ይላሉ። ምኒልክ ለተከለ ሰው መሬቱን ከግብር ነጻ አደረጉ፤ ችግኙም በርካሽ ታደለ። ዛፉ በጥቂት ዓመት ይደርሳል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከብት ቅጠሉን አይበላውም። ለድሃም ለጌታም የተመቸ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ ከሩቅ ሲያዩአት ከተማ ሳትሆን ደን መሰለች። ዋና ከተማዋ ባለችበት እንድትረጋ ካደረጓት ነገሮች ይህ ዛፍ ዋነኛው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዛፉ ማገዶ ብቻ አልሆነም፤ ቤትም ሆነ። ቋሚው፣ ማገሩ፣ ወራጁ ሁሉ ባሕር ዛፍ፤ ግድግዳው ከጭድ ጋር የተቦካ ጭቃ። የአዲስ አበባ ሰፈሮች በአመዛኙ የተሠሩት እንዲህ ነው። ቅሬታም አልጠፋም። ዛፉ ምንጭ ያደርቃል፣ ሥሩ ሥር ሌላ አያበቅልም የሚል ስሞታ ገና ያኔ ተነሥቶ ነበር። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ የሐር ትል በሚመገበው እንጆሪ ይተካ የሚል ትእዛዝ ወጥቶ እንደነበር ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ማን ይንቀለው! ትእዛዙ ወረቀት ላይ ቀረ። ለምን ቢሉ፣ የከተማው እራት በዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ ነበራ።

ልብ እንበል። ሁለተኛው መልስ «እንትከል» የሚል ነው። ከመጀመሪያው እጅግ የተሻለ መልስ ነው፤ አናጣጥለውም። ነገር ግን ሁለቱም መልሶች አንድ ነገር ይጋራሉ። ሁለቱም የሚያስቡት ብዙ እንጨት ስለ ማግኘት ነው። ትንሽ እንጨት ስለ ማንደድ ያሰበ የለም። ሰፈሩ ተቀየረ፣ ዛፉ ተቀየረ፤ ሦስቱ የጉልቻ ድንጋዮች ግን ካሉበት አልተነቃነቁም።

እስቲ ድንጋዮቹን ጠጋ ብለን እንያቸው። ጉልቻ ማለት በሦስት ድንጋይ ላይ የተጣደ ምጣድ ወይም ድስት፣ ከሥሩም በሁሉም አቅጣጫ ክፍት የሆነ እሳት ነው። ነፋሱ በአንዱ በኩል ገብቶ ነበልባሉን በሌላው ያወጣዋል። ምጣዱ ሰፊ ስለሆነ እሳቱ ዳርና ዳሩን እኩል አያገኘውም፤ ስለዚህ ጋጋሪዋ ቅጠሉንና ጭራሮውን ዙሪያውን ትማግዳለች። ከእንጨቱ ሙቀት ለምጣዱ የሚደርሰው ከዐሥር እጅ አንዱ ቢሆን ነው። የቀረው ግድግዳውን፣ አየሩንና የጋጋሪዋን ፊት ያሞቃል። በደንብ ያልነደደው ደግሞ ጢስ ሆኖ በዓይኗና በሳንባዋ፣ በጀርባዋ ባዘለችው ሕፃንም ሳንባ ይገባል። የጓዳ ጢስ በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች እንደሚያበዛ ዛሬ በሕክምና የታወቀ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከዐሥር ሸክም ዘጠኙን የተሸከምነው ለከንቱ ነው።

ይህን ስንል እናቶቻችን ቁጠባ አያውቁም ነበር ማለታችን አይደለም። አክንባሎ ምንድን ነው? እንፋሎትና ሙቀት እንዳያመልጥ ምጣድ ላይ የሚከደን ቆጣቢ መሣሪያ ነው። በየቀኑ ከመጋገር የሁለትና የሦስት ቀኑን በአንድ ጊዜ መጋገር፣ ምጣዱ አንዴ ከጋለ ወዲያ ሊጡን ሳያቋርጡ ማሰፋት፣ በተረፈው ፍም ቡና ማፍላት፤ ይህ ሁሉ በተግባር የተፈተነ ዕውቀት ነው። የጎደለው ብልሃት አይደለም። የጎደለው ብልሃቱን ከላይኛው ክዳን ወደ ታችኛው እሳት የሚያወርድ፣ ጊዜና ገንዘብ ያለው ሰው ነው። መሐንዲሱ ማድ ቤት አይገባም፤ ማድ ቤት ያለችው መሐንዲስ አልተደረገችም።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ከ1966ቱ አብዮት በፊት በከተማው ዙሪያ ያለው የባሕር ዛፍ መሬት በአብዛኛው የባለ ርስቶች ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የጫካው ባለቤት ተለወጠ። ተሸካሚዋስ? በእንጦጦ ቁልቁለት ጎንበስ ብላ የምትወርደው ሴት አልተለወጠችም። ብዙ ጊዜ ሸክሟ ከ30 ኪሎ ይበልጣል፤ ራሷን የሚያህል ጭነት የምትሸከምም አለች። ሌሊት ተነሥታ ትወጣለች፤ ከጥበቃ ጋር ድብብቆሽ ትጫወታለች፤ ቅጠሉን ሸጣ የዕለት ጉርሷን ትገዛለች። ከተማው እንጀራውን የጋገረው በእርሷ ጀርባ ነው። እዚህ ላይ የጉልቻው ተረት ሙሉ በሙሉ ልክ ነው፤ ባለቤት ቢለዋወጥ ሸክም አያቀልም። ሸክሙን የሚያቀልለው ሌላ ነገር ነው።

ያ ሌላ ነገር የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር ሥር የነበሩ ባለሙያዎች በዓለም ባንክ ርዳታ ሁለት ምድጃዎችን አወጡ። አንዱ «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃ ነው። ከኬንያው ጂኮ የተወረሰ ሲሆን፣ በቆርቆሮው ውስጥ የሸክላ ሽፋን ስላለው ሙቀቱን ይይዛል፤ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል ያተርፋል። ሁለተኛው «ምርጥ» ነው፤ ይህ ለእንጀራ የታሰበ ነው። ከሲሚንቶና ቀላል ከሆነ የእሳተ ገሞራ ጠጠር የሚቀረጽ፣ ተገጣጥሞ ክብ የሚሆን ግድግዳ ነው። ምጣዱ በላዩ ይቀመጣል፤ እንጨቱ በአንድ አፍ ይገባል፤ ትኩሱ ጢስ በወዲያኛው በኩል ሲወጣ እግረ መንገዱን ድስት ያሞቃል። ያው እሳት፣ ያው ምጣድ፣ ያው እንጀራ ነው፤ እንጨቱ ግን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በ1990 ዓ.ም. ከጀመረው የጀርመን የቴክኒክ ርዳታ ሥራ ወዲህ በየክልሉ ሠርተው የሚሸጡ ሰዎች ሠልጥነው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ምድጃ ተሠራጭቷል።

አያችሁ፤ ከመቶ ዓመት በፊት ከተማ ሊያስለቅቅ የደረሰው ችግር ግማሽ መልሱ የነበረው ጥቂት ሲሚንቶና ጠጠር ውስጥ ነው። ታዲያ ለምን ሁሉም ቤት አልገባም? ነዋሪው አዲስ ነገር ስለማይወድ ነው የሚል መልስ ይሰጣል። ይህ ሰነፍ መልስ ነው። እውነተኛው ምክንያት ይመስለናል፣ የሴት ጉልበት በሂሳብ አለመግባቱ ነው። እንጨት ተለቅሞ ሲመጣ «በነጻ» ይባላል። የምድጃው ዋጋ በብር ይቆጠራል፤ የሦስት ሰዓት መንገድ ግን በምንም አይቆጠርም። ዜሮ ዋጋ የተሰጠውን ነገር ማን ይቆጥባል? ገንዘቡ በአባወራው ኪስ፣ ጢሱ በእማወራዋ ዓይን ሲሆን፣ የቤቱ በጀት ምድጃውን ሳይሆን ሬዲዮውን ያስቀድማል። በገጠር ደግሞ እንጨቱ ሲያልቅ ኩበት ይነድዳል፤ ኩበት ሲነድድ ለማሳው ማዳበሪያ የሚሆነው ይጠፋል። የዛሬውን እንጀራ ለመጋገር የከርሞውን እህል መማገድ ማለት ነው።

ምድጃውን የከበበው ቤትም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለው። የሣር ክዳን ያለው ጎጆ ድሃ ቤት ተብሎ ይናቃል፤ ነገር ግን በሣሩ መሐል የታሰረው አየር ቀን ሐሩሩን፣ ሌሊት ብርዱን ያግዳል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳም ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። ቆርቆሮ ሲመጣ ለዝናቡና ለእሳት አደጋው መድኃኒት ሆነ፤ ሙቀት በመያዝ በኩል ግን ሣሩን አይተካም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጥርት ባለ ሌሊት ባዶ ቆርቆሮ የቤቱን ሙቀት ለሰማይ ይለግሰዋል። ሰዉ ይህን ስላወቀ ኮርኒስ ወጠረ፤ ያለው በአቡጀዲ፣ የሌለው በማዳበሪያ ከረጢት። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የቀረው አየር ብርድ ልብስ ነው። ዛሬ ደግሞ በስስ ብሎኬት እየሠራን ጭቃውን «ኋላ ቀር» እንላለን። ቤቱ ሲበርድ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል፤ በርና መስኮት ይዘጋል፤ ማለዳ የማይነሡ ሰዎች ይገኛሉ። እንግዲህ ኮርኒስና የተለሰነ ግድግዳ የምቾት ብቻ ሳይሆን የነፍስም ጉዳይ ነው።

ስለ ኤሌክትሪክስ? «ይኼ ሁሉ የእንጨት ዘመን ወሬ ነው፤ አሁን ግድብ አለን» የሚል ባልደረባ አይጠፋም። ግድቡ ያኮራናል። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቆቃ 43 ሜጋ ዋት ነበርና ልዩነቱ የትየለሌ ነው። ግን ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል። በአንድ የበዓል ዋዜማ አንድ ሚሊዮን ምጣድ ባንድ ጊዜ ቢሰካ 3,500 ሜጋ ዋት ነው፤ የዓባይ ግድብ ሁለት ሦስተኛ በእንጀራ ላይ ማለት ነው። በበዓል ዋዜማ ፋብሪካዎች ሥራ እንዲያቆሙ የሚጠየቀው ያለ ነገር አይደለም። ገና መስመር ያልደረሰለት ወገናችን ደግሞ ብዙ ነው፤ አብዛኛው የገጠር ቤት ዛሬም የሚያበስለው በእንጨትና በኩበት ነው።

ቁጠባ ራሱ ግድብ መሆኑን ያየንበት ጊዜም አለ። በ2001 ዓ.ም. ገደማ መብራት በፈረቃ በሆነበት ወቅት የድሮው አምፖል በቆጣቢ አምፖል እንዲለወጥ ተደርጎ በሚሊዮን የሚቆጠር ታደለ። የ60 ዋት አምፖል በ11 ዋት ሲተካ 49 ዋት ይተርፋል። አንድ ሚሊዮን አምፖል በአንድ ምሽት 49 ሜጋ ዋት ያተርፋል ማለት ነው፤ ይህም ከቆቃ ይበልጣል። ውሃ አልተገደበም፣ ገበሬ ከመሬቱ አልተነሣም፤ ሰው ጣራው ላይ ያለውን ብርጭቆ ፈትቶ ሌላ አሰረ፤ በቃ። ይኸው ብልሃት በምጣዱ ላይ ቢሠራ፣ ማለት ሸክላው ቢሳሳ፣ ከሥሩ ሙቀት የሚይዝ ነገር ቢደረግለት፣ ክዳኑ ቢጠብቅ፣ ትርፉ ከአምፖሉ በብዙ እጥፍ ነው።

እንግዲህ ሦስት መልሶች አየን። «እንሂድ»፣ «እንትከል»፣ «እንቆጥብ»። ሁለቱ የቤተ መንግሥት መልሶች ነበሩ፤ ዐዋጅና ሠራዊት ይጠይቃሉ። ሦስተኛው የጓዳ መልስ ስለሆነ መቶ ዓመት ጠበቀ። ቁጠባ የድሃ ወሬ ነው የሚሉ አሉ። የድሃ ጉዳይ መሆኑን አንክድም፤ ትልቁን ዋጋ የሚከፍለው ማነውና! ቁጠባ ግን እጅን መሰብሰብ አይደለም፤ ዘጠኙን ከንቱ ሸክም ከሰው ጀርባ ማውረድ ነው።

ባልደረቦቻችን ምህንድስና የምትማሩ፣ የመመረቂያ ሥራችሁን ርዕስ ከሩቅ ከማምጣት በፊት ወደ ምጣዱ ጎንበስ በሉ። ኬሚስትሪ የምትማሩ፣ ስለ ሸክላውና ስለ ጢሱ የምትሉት አለ። ምጣኔ ሀብት የምትማሩ፣ «በነጻ» የተባለውን ሸክም በብር ቁጠሩልን። ታሪክና ሥነ ጽሑፍ የምንማር ደግሞ ከተማውን ተሸክመው ከተራራ ያወረዱትን ሴቶች ከገጹ ጠርዝ ወደ መሐሉ እናምጣቸው። በየቤታችንም በዕረፍት ስንመለስ ምድጃውን ማየት፣ ስንጥቁን መለሰን፣ አምፖሉን መለወጥ ዲግሪ አይጠይቅም።

ወጡን የሚያጣፍጠው ባለሙያዋ እንጂ ጉልቻው አይደለም፤ በዚህ ተረቱን ተቀብለናል። ጉልቻው ሲለወጥ ግን ባለሙያዋ ዓይኗን ሳታሽ ታበስላለች፤ ለማገዶ የምትወጣዋም ልጅ ጠዋት ትምህርት ቤት ትደርሳለች። ይህ ለውጥ ካልሆነ ለውጥ የምንለው ምኑን ነው?